ለጊዜው ከቦታው ተነስቷል

ሰኞ 4

ለማስተርስ ላመለክት ነው። የሙዚየም ጥናት። እዚህ ደብተር ላይ የጻፍኩት ለሰው ከመናገሬ በፊት በጽሑፍ ምን እንደሚመስል ልየው ብዬ ነው። ደህና ይመስላል። ትንሽ የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስላል።

እስካሁን የምታውቀው የሙዚየማችን ትኬት ቆራጭ ብቻ ናት። ጠዋት መስኮቷ ላይ ተደግፌ ስነግራት ከትከት ብላ ሳቀች።

"አንቺ ራስሽ ቅርስ ሆነሽ ደግሞ ምን ትማሪያለሽ? ከአርባ ዓመት በላይ የሆነውን እኮ መስታወት ውስጥ ነው የምናስገባው!"

ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ እጄን ያዘችኝ። "ሂጂ በናትሽ። አንዳችን እንኳን እንውጣ።"

እሷ ካወቀች ከሰዓት በኋላ ጥበቃዎቹ ያውቃሉ፤ ነገ ደግሞ ግድግዳው።

ትምህርቱ ያለው ሌላ ከተማ ነው፤ አውቶቡሱ ከጠዋት እስከ ማታ ይሄዳል። እማዬን ለማን ትቼ? ከወደቀች ወዲህ ያለ እኔ ከአልጋ አትወርድም። ስለዚህ ማመልከት ብቻ። ማመልከት መሄድ አይደለም።


ረቡዕ 6

ድካም። ማከማቻው ውስጥ ቧንቧ አንጠባጥቦ ሙሉ ቀን ሣጥን ስናሸሽ ዋልን። ወገቤ የእኔ አይደለም።

ዩኒቨርሲቲው የሚጠይቀው፦ የድጋፍ ደብዳቤ ከአለቃ፣ ለምን መማር እንደፈለግሁ የሚያስረዳ ጽሑፍ፣ እና የትንሽ ዐውደ ርዕይ ዕቅድ። ከአንድ ሰው ሕይወት ጥቂት ዕቃዎች መርጦ ፎቶ ማንሳትና ለእያንዳንዱ አጭር መግለጫ መጻፍ ነው። የማንን ሕይወት ልምረጥ? የምቀርበው ሰው አንድ ነው። እማዬ የዚህን ከተማ ግማሽ አልብሳለች። የስፌት ዕቃዋ ሁሉ እዚያው ክፍሏ ውስጥ አለ።

ደብዳቤውን ዳይሬክተሩን ጠየቅኳቸው። "ደስ ይለኛል! ነገ" አሉ። እኔና ትኬት ቆራጯ አቶ ነገ የምንላቸው በከንቱ አይደለም። ጣሪያው ነገ ነው፣ አምፖሉ ነገ ነው፣ ዕድገቴ ነገ ከሆነ ስንት ዘመኑ።

ቤት ስገባ ሻይ ፈልቷል። ጎረቤት ገብታ አፍልታላት ይሆናል።


ዐርብ 8

ጥርሴን ነክሼ ዋልኩ።

ጠዋት ማከማቻውን ስከፍት ትልቁ የእንጨት ሬዲዮ ከመደርደሪያው የለም። አቧራው ላይ የእግሮቹ ምልክት ብቻ ቀርቷል። እኛ ሙዚየም ደግሞ ሕግ አለ። ዕቃ ከቦታው ሲነሳ በምትኩ ካርድ ይቀመጣል። ከላይ "ለጊዜው ከቦታው ተነስቷል" ይላል፤ ከሥር ምን እንደተነሳ፣ ማን እንዳነሳው፣ ወዴት እንደሄደና መቼ እንደሚመለስ ይሞላበታል። ካርዷ ካለች ዕቃው ተነስቷል ይባላል። ከሌለች ጠፍቷል ነው የሚባለው። መዝጋቢዋ ደግሞ እኔ ነኝ።

ጥበቃዎቹን አስጨንቄ፣ ራሴም ተጨንቄ፣ ሬዲዮው በመጨረሻ የት ተገኘ? አቶ ነገ ቢሮ። ለእንግዳ ሊያሳዩት ወስደውት፣ አናቱ ላይ ውሃ የሞላ የአበባ ማስቀመጫ ጉብ ብሎበት።

"ካርድ ይሙሉልኝ" አልኳቸው።

ሞሉ። የሚመለስበት ቀን በሚለው ቦታ ላይ ምን ጻፉ? "ነገ"።

እፊታቸው ቀደድኩት። "የመመለሻ ቀን የሌለው ካርድ፣ ካርድ አይደለም። እኔ አልፈርምበትም።"

እንግዲህ የድጋፍ ደብዳቤ የምለምናቸውን ሰውዬ! ምላሴን ይቁረጠው።


እሑድ 10

እማዬ ከሰዓት ስትተኛ ዕቃዎቿን መረጥኩ። ትልቁ መቀስ፣ ካውያው፣ ሜትሩ እና የአዝራሮቹ ቆርቆሮ። የስፌት መኪናው አይነሳም፤ እዚያው ክፍሏ ውስጥ ፎቶ ይነሳል።

ዕቃ ስይዝ እጄ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው። ገለበጥኩ። ሰው ከማያየው ጎን ትንሽ ቦታ ጠረግሁ። ከትኬት ቆራጯ የተዋስኩትን ነጭ የጥፍር ቀለም ስስ አድርጌ ቀባሁ፤ ሲደርቅ በቀጭን ብዕር ቁጥር ጻፍኩ፤ ከላዩ ደግሜ ቀባሁ። እንዲህ ከተሠራ ቁጥሩ አይለቅም፤ ማጥፋት ሲፈለግ ደግሞ ጠባሳ አይተውም። መቀሱ አንድ፣ ሜትሩ ሁለት፣ ካውያው ሦስት፣ ቆርቆሮው አራት። ቁጥር ሲጻፍበት ዕቃ እንደሚከበር ሌላ ሰው አይገባውም። እስከዚያ ድረስ ውዳቂ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚጠየቅበት ሰው አለው።

ደስ አለኝ። ይሄን መጻፍ አለብኝ፤ ሰሞኑን ደስ ያለኝ ነገር ይሄ ብቻ ነው።

ነገ መቀሱን፣ ሜትሩንና ቆርቆሮውን ሥራ ቦታ ወስጄ ፎቶ አነሳቸዋለሁ። ካውያው ከባድ ስለሆነ ሌላ ቀን።


ማክሰኞ 12

እማዬ ጠዋት ገና ዓይኔን ሳልገልጥ፦

"መቀሴስ?"

"ለሥራ ፈልጌው ነው እማዬ። ቦታው ላይ ካርድ አስቀምጬልሻለሁ እኮ።"

"አይቼዋለሁ። ካርድሽ ጨርቅ ይቆርጣል?"

በሦስቱም ቦታ ካርድ ያስቀመጥኩት ሳላስበው ነው። እጅ የለመደውን ነው የሚሠራው። ስለ ማመልከቻው ግን አልነገርኳትም። መጀመሪያ ዳሌዋን ትንሽ ይሻላት። ገና ላልተወሰነ ነገር ሰው አይጨነቅም።

ታናሼም አላወቀችም። እሷ ካወቀች "አንቺ ምን አለብሽ? ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ" የሚለውን ዘፈን ትጀምራለች። ስሄድ "እናታችንን ጥለሽ"፣ ስቀር "አንቺ ምን አለብሽ"። በሁለቱም እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ።


ሐሙስ 14

መቀሱን መለስኩ። ሜትሩና ቆርቆሮው ገና።

ደብዳቤው፦ "ነገ"።

የቤታችን መጋረጃ ታጥቦ ተሰቅሏል። ታናሼ ሳትነግረኝ መጥታ ይሆናል። ጠባይዋ አይደለም፤ ግን ሌላ ማን?


እሑድ 17

ምን በወጣኝ። ምን በወጣኝና ነው።

ታናሼ የልጇን ዩኒፎርም ይዛ መጣች፤ አዝራር ወልቆበታል፣ መተኮስም አለበት። እኔ ዕቃ እያጠብኩ ነበር። ድምፅ የለም። የእሷ ዝምታ ደግሞ ከጩኸቷ ይከፋል።

ስገባ በአንድ እጇ የቆርቆሮውን ካርድ፣ በሌላው እጇ ካውያውን ገልብጣ ይዛለች።

"ይሄ ሦስት ቁጥር ምንድነው?"

"መለያ ነው።"

"የምን መለያ? መቀሱም ላይ አንድ ተጽፎበታል። አዝራሩ 'ተነስቷል'፣ ሜትሩ 'ተነስቷል'። እህት ዓለም፣ እናታችን እኮ ቁጭ ብላ እያየችሽ ነው! ውርሱን ለብቻሽ ቆጥረሽ፣ ለብቻሽ ማጓጓዝ ጀመርሽ?"

"ኧረ ተይ! ለትምህርት ነው!"

"የምን ትምህርት?"

አበቃ። እማዬ ስለ ማመልከቻው የሰማችው እንዲህ ነው፤ በካውያና በጭቅጭቅ መሃል። የት፣ ስንት ዓመት፣ መቼ፤ ታናሼ እየጠየቀች፣ እኔ እየመለስኩ። እማዬ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ታያለች። ከዚያ ቀስ ብላ ነጠላ ጫማዋን አወለቀች፣ እግሯን ዘረጋችልኝ።

"ነይ፣ ገልብጪና እዪ። እኔ ላይም ሳትጽፊ አልቀረሽም። ስንት ቁጥር ነኝ?"

ታናሼ ሳቅ አመለጣት። ከዚያ ማንም አልሳቀም።

ዩኒፎርሙ ሳይተኮስ ሄደ።


ሰኞ 18

ሜትሩንና ቆርቆሮውን ከሥራ ቦታ አመጣሁ። በአሴቶንና በጥጥ ቁጥሮቹን አጠፋኋቸው። በሁለት ጠረጋ ለቀቁ። ጠባሳ የለም። ሥርዓቱ የተሠራው ለዚህ ነው።

ቤቱ አሴቶን አሴቶን ይሸታል። እማዬ መስኮት ክፈቺ እንኳን አላለችኝም።


ረቡዕ 20

"ምሳሽን በላሽ?" "እሺ።" "ትራስ ላምጣልሽ?" "እሺ።" ለሁሉም እሺ። እማዬ እሺ ያለችበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። አባቴ በሕይወት እያለ "እናታችሁ እሺ ካለች ሐኪም ጥሩ" ይል ነበር።

አላመለክትም። ወሰንኩ። ለራሴም ቀለለኝ። ማን ይጦራታል? በዚህ ዕድሜዬ ከልጆች ጋር ወንበር ስሻማ ራሴን ማየትም ያስቀኝ ነበር። አቶ ነገም ይገላገላሉ፤ ላልጻፉት ደብዳቤ ሰበብ አይፈልጉም።

ለትኬት ቆራጯ ነገርኳት። አየችኝና፣ "ፊትሽ ፈተና የተሰረዘለት ተማሪ ይመስላል" አለች። ምን ለማለት እንደፈለገች አልጠየቅኳትም።


ቅዳሜ 23

ሜትሩን ስመልሰው ለመግለጫ የጻፍኩትን ረቂቅ ከጥቅልሉ ውስጥ ማውጣት ረስቻለሁ። እማዬ አገኘችው። ከገበያ ስገባ መነጽሯን አድርጋ፣ ወረቀቱን ክንድ ያህል አርቃ ይዛ ጠበቀችኝ። ከእሑድ ወዲህ ከ"እሺ" ሌላ ያወራችኝ የመጀመሪያ ነገር ይሄ ነው፦

"ቁጭ በይ። ይሄን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?"

"አዎ።"

አነበበችው። በቀስታ፣ ቃል በቃል፦ "የልኬት መሣሪያ። በሰም የተለበጠ ጨርቅ፤ ጫፎቹ ብረት። በአጠቃቀም ብዛት ቀለሙ የለቀቀ።"

"እና?" አልኩ።

"ሜትሬን አስከሬን ምርመራ ላይ ጣልሽው እኮ! ይሄን ብሎ ማን ሊያነብልሽ ነው? እኔ ባለቤቷ እንኳን መሃል ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ለዚህ ነው እንዴ ልትማሪ የምትሄጂው?"

"አልሄድም እማዬ። ትቼዋለሁ።"

መነጽሯን አወለቀች። ጠረገች። መልሳ አደረገች።

"እንዲህ እየጻፍሽማ ቀድሞውንስ ማን ይቀበልሻል" አለችና ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።


እሑድ 24፣ ማታ

እጄ እስኪዝል ጻፍኩ፤ አሁን ደግሞ እዚህ እጽፋለሁ። ግን ካልጻፍኩት አይዋጥልኝም።

ጠዋት ቁርስ ሳላቀርብ እማዬ ሜትሩን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ተቀምጣለች፤ ድሮ ሥራ ላይ እንደምትሆነው። "ወረቀት አምጪ" አለች። አመጣሁ። ከዚያ የከተማውን ጉድ ሁሉ ዘከዘከችው።

የከንቲባው ሚስት ነበሩ አሉ፤ ቀይ ረጅም ቀሚስ የነበራቸው። በየዓመቱ ለአንድ ድግስ ያንኑ ቀሚስ ይለብሳሉ። "እንዳገባኋት ናት፣ አንዲት ስንዝር አልጨመረችም" እያሉ ባላቸው በየሰው ፊት ይኩራራሉ። እማዬ ደግሞ በየዓመቱ ድግሱ ሲቃረብ፣ በጓሮ በር እየገባች፣ ስፌቱን ፈታ ከውስጥ ትርፍ ጨርቅ ትለቅላቸዋለች። "በመጨረሻ የቀረ ትርፍ ስላልነበረ ከመጋረጃቸው ቆርጬ ነው የቀጠልኩት። ከንቲባው ያንን መጋረጃ በየቀኑ ያየው ነበር። አላወቀም። ወንድ ምን ያውቃል!"

ሌላ ሙሽራ ነበረች፤ ልኬት ስትለካ ሆዷ ላይ እጇን ጭና አላነሳም አለች። እማዬ ምንም ሳትላት ልኩን አስፍታ ቆረጠች። በሠርጉ ቀን ልጅቷ እናቷን ትታ የሳመችው እማዬን ነው። ሌላ ሰውዬ ደግሞ ለሁለት ሴቶች አንድ ዓይነት ቀሚስ አዝዞ፣ ቀጠሮአቸውን አንድ ቀን ያደረገ። ያንን ሳትጨርስልኝ ሳቋ ትን አላት፣ ጀርባዋን መታ መታ አደረግኳት፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ።

"ይሄን ሁሉ ለምን ለእኔ ነግረሽኝ አታውቂም?"

"አንቺ መቼ ጠየቅሽኝ? ጠዋት ትደግፊኛለሽ፣ ማታ ታስተኚኛለሽ። ሰው ዕቃ ሲሸከም አያወራም።"

ብዕሬን አነሳሁ።

የሜትሩ መግለጫ አሁን እንዲህ ሆነ፦ "ይህ ሜትር የዚህን ከተማ ወገብ ሁሉ ያውቃል። ሲጠብም ሲሰፋም አይቷል፤ ለማንም አልተናገረም። ባለቤቱም እንዲሁ፣ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ።"

እማዬ አስነበበችኝ። አስደገመችኝ። "ይሄ ይሻላል። ብቻ የሰዎቹን ስም እንዳትጽፊ፤ የአንዳንዱ ልጅ ሰላምታ ይሰጠኛል።"

ከዚያ እንደ ዋዛ፣ ሜትሩን እየጠቀለለች፦ "ያ ማመልከቻሽ መቼ ነው የሚዘጋው?"

"በወሩ መጨረሻ።"

"እና ምን ትጠብቂያለሽ?"


ማክሰኞ 26

አቶ ነገ በመጨረሻ "ነገ" ያላሉበት ቀን መጣ። ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ራስሽ ጻፊውና አምጪው፤ እኔ እፈርማለሁ። ከእኔ ይልቅ አንቺ ነሽ ራስሽን የምታውቂው።"

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ "እንዲያው ብትሄጂ የማከማቻውን ቁልፍ ለማን ልስጥ?"

ሰውዬው ፈርተው እንደሆነስ? እስከ ዛሬ ሰነፍ ናቸው ብዬ ነበር። መቼም አንድ ሰው ሌላው የሚሄድበትን ጉዳይ ነገ ነገ እያለ ቢያዘገይ... አላውቅም። ደክሞኛል።


ሐሙስ 28

ስለ ራሴ የጻፍኩት ደብዳቤ፦ "ሠራተኛዋ በሰዓቷ ትገባለች። ንብረት በጥንቃቄ ትይዛለች። ከባልደረቦቿ ጋር ተስማምታ ትሠራለች።"

ትኬት ቆራጯ አነበበችው። "ይሄ የድጋፍ ደብዳቤ ነው ወይስ የጥበቃ ውሻ ማስታወቂያ?" ቀማችኝና መስኮቷን ዘግታ ራሷ ጻፈችው። ቧንቧው ባንጠባጠበ ቀን እኔ መጨረሻ እንደወጣሁ፣ ሬዲዮው በጠፋ ቀን ማን ላይ እንደጮህኩ ሁሉ ገባ። "ለአለቃዋም ቢሆን አትመለስም" የሚል ዓረፍተ ነገር አለበት። አለቃው የሚፈርሙበት ነው እኮ! አውጪው ብላት ወይ ፍንክች።

አቶ ነገ ደግሞ ከምሳ በኋላ የሉም። ማህተሙ መሳቢያቸው ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ነው። ትኬት ቆራጯ ጠያይቃ ጠያይቃ ፀጉር አስተካካይ ቤት አገኘቻቸው። የሆነውን እሷው እንደነገረችኝ፦

"ፊታቸው በሙሉ አረፋ ነው። መነጽራቸውን አውልቀዋል። 'ምንድነው?' አሉ። 'ነገ የተባለው ነው ጌታዬ' አልኳቸው። 'ነገ አምጪው' ሲሉ ምላጩ ጉሮሮአቸው ላይ ነበር፤ አስተካካዩን 'አንድ ጊዜ ቁም' አልኩት። እሱም ቆመ። ምላጩን ሳያነሳ ቆመ! ምን ያድርጉ፣ ፈረሙ። ቁልፉንም ሰጡኝ።"

እውነት ይሁን ጭማሪ አላውቅም። ደብዳቤው ጥግ ላይ ግን የደረቀ ሳሙና አለ።


ቅዳሜ 30

ላክሁት። ተኛሁ።


ረቡዕ 11

ምንም የለም። ዝናብ። ማከማቻው እንደገና አንጠባጠበ።

ታናሼ ከዚያ እሑድ ወዲህ አልመጣችም። ስልክ ደውላ እማዬን ብቻ አናገረች። እማዬ ስትመልስላት ሰማሁ፦ "ታምሜ አይደለም እኮ የተቀመጥኩት። አንቺ ዝም በይ ብቻ፣ እሷ እንዳትሰማ።"

"ታምሜ አይደለም" የምትለው ሲብስባት ነው፤ ሕመሟን ልትደብቀኝ ፈልጋለች። 


ዐርብ 20

ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ ነበር። ኢንተርኔቱ ደህና የሚሠራው ትኬት መቁረጫው ውስጥ ስለሆነ እዚያ ተቀመጥኩ። ትኬት ቆራጯ ደጅ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ "ሥርዓት ይዛችሁ ግቡ፣ ውስጥ ፈተና አለ!" እያለች ጎብኚ ስታስተናግድ ዋለች።

ስለ ራሴ ሲጠይቁኝ የተናገርኩትን አላስታውሰውም። ስለ ሜትሩ ሲጠይቁኝ ግን አስታውሳለሁ። አንዷ አስተማሪ፣ ሽበት ያላቸው፦ "እኚህ ልብስ ሰፊ በሕይወት አሉ?"

"አሉ። ማታ እንኳን ተቆጥተውኛል።"

"በምን?"

"መግለጫው ረዘመ ብለው።"

ሳቁ። ከዚያ እኚያው ሴትዮ፦ "እዚህ ሲመጡ ዕቃዎቹን ለማን ትተው ይመጣሉ?"

"ለባለቤቷ" አልኩ። አፌ እንዴት እንዳመጣው እንጃ።


ሰኞ 30

ተቀብለውኛል።

ትኬት ቆራጯ እልል ብላ ጎብኚ አስደነገጠች። አቶ ነገ እጄን ጨብጠው "እንኳን ደስ ያለሽ" አሉና ቢሮአቸው ገብተው በሩን ዘጉ። እኔ ደስታው አልመጣልኝም። ነገ ይመጣ ይሆናል። ዛሬ እግሬን ብቻ ነው የሚሰማኝ።

ለእማዬ አልነገርኳትም። መቼስ ልሄድ ነው ማለት አይደለም። እንዲህ ታማ እያለች።


ሐሙስ 3

ራሴን አሞኝ ከሰዓት በጊዜ ወደ ቤት መጣሁ።

እማዬ ወንበር ላይ ቆማ መጋረጃ እየሰቀለች ነበር። ምርኩዟ ከበሩ ጀርባ ተደግፏል።

ተያየን።

"ቀድመሽ መጣሽ" አለች።

"ቀድሜ መጣሁ።"

የመጨረሻዋን ቀለበት አስገብታ፣ መጋረጃውን ጎትታ አስተካክላ፣ ያለ ማንም እጅ ወረደች። ሻይ አፈላች። ስኒውን ስትሰጠኝ እጇ አልተንቀጠቀጠም። ሻዬን ፉት አልኩ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"እንጃ። ቆይቷል።"

"እና ለምን...?"

ስኒዋን አስቀመጠች። "ከሥራ ስትመጪ የምትይዢው ነገር የሚያስፈልግሽ መስሎኝ ነዋ።"

ልቆጣ ፈልጌ ነበር። ቁጣውን ፈለግሁት፣ ፈለግሁት፣ አጣሁት። ተቀብለውኛል አልኳት። "አውቃለሁ" አለች። "ያቺ ትኬት ቆራጭሽ ሰኞውኑ ደውላልኛለች።"


እሑድ 6

ታናሼ መጣች። ኬክ ይዛ። ይቅርታ አላለችም፤ ካውያውን አንስታ ገልብጣ አየችና፣ "ጠፋ እንዴ ቁጥሩ? ትንሽ ያምር ነበር እኮ" አለች። እኛ ቤት ይቅርታ ማለት ይሄ ነው።

"እማዬን እኔ እወስዳታለሁ" አለች ቀጥላ።

"ሻንጣ ነኝ?" አለች እማዬ። "እኔ የትም አልሄድም። ይልቅ የእህትሽን ክፍል እፈልገዋለሁ። ብርሃኑ ጥሩ ነው፤ የስፌት መኪናዬን አስገባበታለሁ። እስካሁንም እሷን ይከፋታል ብዬ ነው የታገስኩት።"

ክፍሌ መስኮቱ ወደ ጎረቤት ግንብ ነው የሚያየው። ጠዋትም መብራት በርቶ ነው የምለብሰው። እማዬ ይሄን ታውቃለች፣ መጋረጃውን የሰቀለችው እሷ ናት።

"ብርሃኑስ ጥሩ ነው" አልኩ።

ታናሼ ማታ ማታ ከሥራ ስትወጣ ጎራ እንድትል ተስማማን። የልጇን ልብስ ሁሉ እማዬ ልትሰፋ፤ ምናልባት የሰውም። አሮጌ ደንበኞቿ ገና አሉ፤ "ወገባቸው ግን እዚያው አይደለም" አለች።


ዐርብ 11

የማከማቻውን ቁልፍ አስረከብኩ። አቶ ነገ ራሳቸው ተቀበሉኝ። መደርደሪያዎቹን አብረን ዞርን። ሬዲዮው ቦታው ላይ የለም፤ ባዶው ላይ ግን ካርድ አለ፣ በእጃቸው የተሞላ። የመመለሻ ቀን፦ ሰኞ 14። ዓይን ዓይኔን እያዩ ቆሙ፣ እንደ ተማሪ።

ፈረምኩበት።

እሳቸውን ማማት አሁን ከበደኝ። ይሄም ድካም ይሆናል።


ሰኞ 14፣ አውቶቡስ ውስጥ

ጽሑፌ የተጣመመው መንገዱ ስለሚያንገጫግጭ ነው።

ጠዋት ሻንጣዬ ደጅ ወጥቷል። የስፌት መኪናው ክፍሌ ውስጥ፣ ግንቡን በሚያየው መስኮት ሥር ገብቷል። አልጋዬ አለ፤ እማዬ "ጨርቅ አስቀምጥበታለሁ" ብላለች። ልስማት ስጠጋ በእጇ አስቆመችኝና ከመሳቢያዋ አንድ ነገር አወጣች። ከእኔው ካርዶች አንዱን፣ ያልተሞላውን። ያኔ ከሥራ ቦታ ካመጣኋቸው አንዱን አስቀርታ ኖሯል።

"እኛ ቤትም ሕግ አለ" አለች። "ከቦታሽ ከተነሳሽ ሙዪ። ኋላ ጠፋች እንዳይባል።"

ስቄ ሻንጣው ላይ አስደግፌ መሙላት ጀመርኩ። የተነሳው ዕቃ፦ ልጅ። "የመጀመሪያዋ በይ" አለችኝ፤ ጨመርኩ። ያነሳው፦ ራሷ። የሄደበት፦ ትምህርት ቤት።

የሚመለስበት ቀን ላይ ብዕሬ ቆመ። የመጀመሪያው ዕረፍት መቼ እንደሆነ አስቤ፣ ያንን ልጽፍ ስል እጇን ወረቀቱ ላይ አደረገች።

"እሱን ተዪው።"

"ባዶ አይሆንም እማዬ። ሕጉ ነው።"

"የእኔ ቤት፣ የእኔ ሕግ። ባዶ ተዪው። ሂጂ፣ መኪናው ያመልጥሻል።"

ሥራ ቦታ ቢሆን እቀደው ነበር። ፈረምኩበትና ትራሴ ላይ አስቀመጥኩት።